መጋረጃ የለበሱ ቀለሞች

አባቴ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ቅዱሳንን ሲሥሉ ዓይናቸውን የሚያስገቡት መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ዓይንና አፍንጫ ያለው ነገር መሣል ካቆምሁ ቆየሁ። ጎረቤቶቻችን "ሁለት ሠዓሊ በአንድ ቤት" እያሉ ይስቁብናል። አባቴ ግን አይስማሙም፤ በእሳቸው ቆጠራ ቤቱ ውስጥ ያለው ሠዓሊ አንድ ነው።

የእኔ ሥራ ቀለም ነው። አክሪሊክ ቀለሙን በሰፊ ብሩሽ፣ ሲለኝም በጨርቅ፣ ሸራ ላይ እየደራረብሁ የውስጤን ስሜት እፈልጋለሁ። አንዱ ሸራ የቁጣ ነው፣ አንዱ የመሰልቸት፣ አንዱ ደስ ብሎኝ የዋልሁበት ቀን። ማናቸውም ላይ ሰው የለም፣ ዛፍም የለም። "የሰሜን ተራራ ሥር ተወልደሽ እንዴት አንድ ተራራ አትሥይም?" የሚሉኝ አሉ። ተራራው እኮ የትም አልሄደም፣ መኪና ተሳፍራችሁ እዩት።

በጥቅምት አባቴ ዛሪማ አዲስ የታነጸ ቤተ ክርስቲያን ሊሥሉ ተጠሩ። ሥራው ዓመት አልፎም ላያልቅ ይችላል። "አብረሽኝ ትሄጃለሽ፣ መደቡን ትቀቢልኛለሽ" አሉኝ። መደብ ማለት ከቅዱሳኑ ጀርባ ያለው ቢጫና ቀይ ሜዳ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ድርሻዬ እሱ ነበር። አልሄድም አልሁ። በኅዳር የራሴን ሥራዎች እንደማሳይ ነገርኋቸው።

"ማን አይቶ ምን ሊለው?"

ቱግ አልሁ። ካፈርሁ አይመልሰኝ ነውና ያላሰብሁትን ቃል ሁሉ ሰጠሁ፦ "ከአገራችን ሰው አንዱ እንኳ ሸራዬ ፊት ቆሞ፣ ስቀባው ምን ተሰምቶኝ እንደነበር ሳልነግረው ካወቀልኝ እቀራለሁ። ካላወቀልኝ ብሩሼን ጠቅልዬ እከተልዎታለሁ።"

"ይሁን" አሉና ፈገግ አሉ። ፈገግታቸውን አልወደድሁትም። ዛሪማን አልጠላም፤ የጠላሁት ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ሥዕል ጀርባ ስቀባ መኖርን ነው።

ያገኘሁት አዳራሽ ከከተማችን ገበያ ከአራዳ ውስጥ፣ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ፣ በሩ መንገድ ላይ የሚከፈት ክፍል ነው። መንገዱ ደግሞ ተቆፍሮ ነበር። መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ባለቤት ይመስል ሰተት ብሎ ይገባል። ወፍራም አድርጌ የቀባኋቸው ገና አልደረቁም። ስለዚህ ነጭ አቡጀዲ ገዛሁ፤ ሽቦ ወጥሬ በቀለበት አንጠለጠልሁና እያንዳንዱን ሸራ ጋረድሁት። ሳብ ሲያደርጉት ይከፈታል፣ ሲለቁት ይዘጋል። በብልሃቴ ኮራሁ። የመሪጌታ ልጅ ሆኜ ይህ ነገር ምን እንደሚመስል ለአፍታ እንኳ አለማሰቤ እስካሁን ይገርመኛል።

ዕለቱ የቁስቋም ንግሥ ማግስት ነበር። ከደባርቅ በኩል ለንግሡ የመጡ ሰዎች ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት አራዳ ገበያ ላይ ይዞራሉ። እኔ ጠዋት አዳራሹን ከፍቼ ጎረቤት ሻይ ልጠጣ ሄድሁ። ስመለስ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሯል።

ውስጥ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ጸጥ ብለው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ ግንባራቸውን ወደ መጋረጃው ዝቅ አድርገው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አጠገቤ ያሉት እናት እጄን ያዝ አደረጉና "እታለም፣ ቄሱ ወዴት ሄዱ? ሥዕሉን ይግለጡልን እንጅ፣ ማኪናው ጥሎን ሊሄድ ነው" አሉኝ በሹክሹክታ።

ያኔ አባቴ ደረሱ። ጫማውን ሲያዩ እንደ ልማዳቸው ጫማቸውን አወለቁ፣ መቃኑን ተሳለሙ፣ ገቡ። የት እንዳሉ ትዝ ያላቸው መሀል ከደረሱ በኋላ ነው።

"ይመኙሽ፣ ምን አድርገሽ ነው?"

"ለአቧራ ብዬ ነው፣ አባባ።"

"ንገሪያቸው።"

ነገርኋቸው። ቤተ ክርስቲያን እንዳልሆነ፣ መጋረጃው ውስጥ ያለው ቀለም ብቻ እንደሆነ፣ ጥፋቱም የእኔ እንደሆነ። መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

"እኔ እኮ ስእለቴን ሁሉ ተናግሬ ጨረስሁ" አሉ።

ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴም በካልሲያቸው ቆመው "አይዞዎት፣ ጸሎት መንገዱን አይስትም" አሏቸው።

ሽማግሌው አያ ውዱ ይባላሉ። "ከገባን አይቀር ግለጭውና እንየው" አሉ፤ ገለጥሁ። የቁጣውን ቀይ አይተው "በርበሬ ነው፣ ጥሩ ተደልዟል" አሉ። የመሰልቸቱን ቢጫ ሴቶቹ ወደዱት። "ሸጋ ነው፣ ለጥለት ይሆናል" ተባባሉ። እኔ ያን ቢጫ ስቀባ ሕይወት አስጠልታኝ ነበር። የአባቴ ፈገግታ እየሰፋ፣ የዛሪማ መንገድ እየቀረበኝ መጣ።

መጨረሻ ላይ ሰማያዊውን ገለጥሁ፤ ትልቁ እሱ ነው፣ ከላይ ነጣ ያለ፣ ወደ ታች እየጠቆረ የሚሄድ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጣል አድርገው ጫማቸውን ሊያጠልቁ ወጡ። እጄን የያዙኝ እናት ግን ቀሩ። ከበር "ታየች፣ ነይ እንጅ" ብለው ጓደኞቻቸው በስማቸው ጠሯቸው። አልሰሟቸውም።

"ዝጊው" አሉኝ ቆይተው።

"ምነው እናቴ?"

"ዝጊልኝ፣ አልቻልሁም። ልጄን ቀብሬ ቤት የገባሁ ለት እዚህ ውስጤ ያለው ይኸ ነበር።" ደረታቸውን ያዙ። ከዚያ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ። "አንችም ቀብረሻል ለካ። እግዜር ያጥናሽ።"

ትከሻዬን ሳሙኝና ወጡ። እኔና አባቴ ብቻ ቀረን።

"በቃ፣ አወቁልሽ" አሉ አባቴ። ድምፃቸው ውስጥ ፌዝ አልነበረም። "ማንን ቀብረሽ ነው ለእኔ ያልነገርሽኝ?"

ዝም ብል ነገሩ አልቆ ነበር። ግን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሆንብኛል። "ማንንም አልቀበርሁም" አልኋቸው። "ቁስቋም ሰፈር የምሥልባትን ብርሃን ያላት ክፍል የተከራየሁ ሰሞን የቀባሁት ነው። እየዘፈንሁ ነበር። የደስታ ነው፣ አባባ። ስለዚህ ተሸነፍሁ፣ ሰኞ አብረን እንሄዳለን።"

አባቴ ሰማያዊው ፊት ሄደው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። ረጅም ጊዜ አዩት፤ መልሰውም ዘጉት።

"ተሸንፈሻል" አሉ። "ዛሪማ ግን ብቻዬን እሄዳለሁ።"

"ለምን?"

"ቀናሁ።"

የሰማሁትን አላመንሁም። ፊታቸውን ወደ መጋረጃው እንዳዞሩ ቀጠሉ። "ሰው እኔ የሣልኋቸው ቅዱሳን ፊት ይሰግዳል፤ የሚሰግደው ለእነሱ ነው፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ግን ይህን ያህል ዘመን ስሥል 'ዝጋልኝ፣ አልቻልሁም' ያለኝ ሰው የለም። አንቺ ምን እየዘፈንሽ እንደቀባሽው እኔ አላውቅም፣ ሴትዮዋም አታውቅም። እንዲህ ያለውን እጅ ይዤ ሄጄ መደብ ባስቀባው ነውር ነው፣ ይመኙሽ። ቀንቼብሻለሁ።"

ለተግሣጻቸው መልስ አዘጋጅቼ ነበር፣ ለፌዛቸውም እንዲሁ። ለቅናታቸው ግን እዚያው ቆሜ አለቀስሁ፤ እሳቸውም በካልሲያቸው እንደቆሙ ጠበቁኝ።