መያዣ የሄደው ልጅ

ጌታ ካገሱኤን ያጠባሁት እኔ ኦሺኖ ነኝ። እናቱማ ወልዳ ዞር አለች፤ የትልቅ ሰው ሚስት አታጠባም። ያ የኔን ወተት ጠጥቶ ያደገ ሰውዬ ምን እንደሠራኝ ሳስበው እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ከታካሴ ግዛት ጌታ ጋር በጦር ሲያብር መያዣ መስጠት ነበረበት። ደንቡ ነው፤ ልጅህን ትሰጣለህ፣ ከከዳህ ልጅህ ይታረዳል። እሱ ታዲያ የራሱን ልጅ ኪኩማሩን ጓዳ ደብቆ፣ የኔን የልጅ ልጅ ማጎሮኩን ሐር አልብሶ "ልጄ ነው" ብሎ ላከው። አባት እናቱ የሞቱበት፣ ከኔ በቀር ማንም የሌለው ልጅ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። በረዶው ሳይቀልጥ ይመለሳል አለኝ፣ እኔም ሞኟ አመንኩት።

በረዶው ቀለጠ። ጌታዬ ከወንዝ ማዶ ካሉት የታካሴ ጠላቶች ጋር ሊያብር ነው የሚል ሹክሹክታ ደረሰኝ። ሩዙን ሲበላ ገባሁበት።

"ማጎሮኩስ?" አልኩት።

ቀና ብሎም አላየኝም። "መያዣ የሄደ ልጅ በሄደበት ቀን ሞቷል። እንደዚያ ቁጠሪው።"

የራስህንስ ለምን አልቆጠርከውም ብዬ ብጠይቀው ማኘኩን ቀጠለ። ያን ጉንጭ በጥፊ ለማጮል እጄን በላኝ።

በማግስቱ የታካሴው መልእክተኛ ግቢውን የሚሞላ ወታደር አስከትሎ መጣ። ሽማግሌ ነው። ወሬው ሳይደርሳቸው አልቀረም፤ ጌታዬን የሚያግዘው የማዶዎቹ ጦር ግን ገና አልደረሰም። ጌታዬ አልከዳም እያለ ሲምል ሲገዘት የሩዝ መጠጡን፣ ሳኬውን፣ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩ። እናንተ ዘንድ ያለው የኔ የልጅ ልጅ ነው፣ ልጁ ምንም አያውቅም፣ የጌታው ልጅ እዚያ ጓዳ ነው አልኩት ሽማግሌውን።

ሽማግሌው ተነስቶ የጓዳውን በር ገፋው። ኪኩማሩ ከእንጨት ፈረሱ ጋር ይጫወታል፤ ቁርጥ አባቱን ነው።

ጌታዬ ሰይፉን ጨበጠ። "አጥብተሽ አሳድገሽኝ፣ ልጄን ታሳርጂኛለሽ?"

"ካልከዳህ ማን ያርደዋል?" አልኩት፣ በሰው ፊት፣ አንተ ብዬ። "እስኪ አሁን ክዳ።"

አልከዳም። ኪኩማሩን ወሰዱት፤ እኔን እንዳይነካኝም ሽማግሌው አስማለው። በዚያ ሁሉ ጦርነት ከታካሴ ጎን ቆመና ሰው ዛሬ "ታማኙ ካገሱኤ" ይለዋል። ታማኝ አሉ። ስሰማው ያንገበግበኛል።

ማጎሮኩን መለሱልኝ። ሮጬ ላቅፈው ስል ወደ ኋላ ሸሸ። ዙሪያውን ቃኘና ደረቱን ነፍቶ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ እኔ የጌታ ካገሱኤ ልጅ ነኝ" አለኝ። ለካ ጌታዬ ሲልከው "አያቴ ያልክ ቀን ትታረዳለህ" ብሎ አስጠንቅቆት ኖሯል። ማንም አያርድህም ብዬ ስንቴ ማልኩለት፣ ስንቴ አለቀስኩለት። ዛሬም አያቴ አይለኝም።