አራት ጣት እጥፋት

“ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቁረጪ” አለና የቆራጯ ታናሽ ወንድም አዲሱን የካርቶን ልክ ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገው።

ቆራጯ ጠመኔዋን ሳታስቀምጥ ልኩን አነሳች። የተማሪ ጉርድ ቀሚስ ልክ ነው። ከአሮጌው ጋር ደርባ አየችው። ወገቡ ያው ነው፣ ስፋቱም ያው ነው፤ ከታች ግን አራት ጣት አጥሯል።

“እጥፋቱን ረስተኸዋል” አለችው።

“አልረሳሁትም። አውጥቼው ነው።”

ከኋላ ያሉት የስፌት መኪናዎች ዝግ አሉ። ሰፊዎቹ አንገታቸውን ደፍተው በጆሯቸው ይከታተላሉ።

ይህ ስፌት ቤት በአባታቸው ጊዜ የተማሪ ደንብ ልብስ መስፋት ከጀመረ አንስቶ፣ ከየጉርዱና ከየሱሪው ጫፍ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ እያጠፈ በላላ ስፌት ይይዛል። ልጅ ሲረዝም ክሩ ይፈታል፣ ጨርቁ ይወርዳል፣ ልብሱ አንድ ዓመት ይጨምራል። ይህን እንዲያደርጉ ያዘዛቸው የለም፤ ዋጋ ያወጣለትም የለም።

“ቁጭ ብዬ አሰላሁት” አለ ወንድሟ። “የምናጥፈው ቢጠራቀም ከአሥር ጉርድ አንድ ይወጣዋል። እስከ ዛሬ ከአሥር አንዱን ስናድል ኖረናል ማለት ነው።”

“ታዲያ ምን ሆንን? ጦማችንን አደርን?”

“እትዬ፣ ያኔ የባንክ ዕዳ አልነበረብንም።”

“አለቃ” አለች ሬዲዮ ከመኪናዋ ላይ ሳትነሳ። አፏ ስለማያርፍ ሁሉም ሬዲዮ ነው የሚላት። “ቅነሳው እኔ ጋ ሳይደርስ ንገረኝ። እኔም ስቀመጥ ወንበሩን ከአሥር አንድ ሳልተርፈው አልቀርም።”

ሰፊዎቹ ሳቁ። ወንድምየው አልሳቀም። ድሮ ቢሆን ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። አዲሶቹን መኪናዎችና የኤሌክትሪክ መቁረጫውን በብድር ካስገባ ወዲህ ግን ሰው በበሩ ሲገባ ፊቱን ማየት ትቶ እጁን ያያል፤ ምን ይዞ እንደመጣ። ቆራጯ ይህን ካስተዋለች ቆየች፤ ስትጸልይም ስሙን አስቀድማ ማንሳት ጀምራለች። ለሱ ግን አልነገረችውም።

ረፋዱ ላይ የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ አንዲት ጉርድ በክንዷ አንጠልጥላ መጣች።

“እንዴት አረፈዳችሁ? ይቺን ለመካከለኛዋ ልጄ ዝቅ አድርጉልኝ። ከታላቋ የወረሰቻት ናት። የዘንድሮ ዕድገቷ የጉድ ነው፤ ጉልበቷ ቀድሟት በር ይገባል።”

ሬዲዮ እጇን ዘረጋች። ወንድምየው ግን ቀድሞ ተናገረ።

“እናት፣ ማውረድ አሁን በክፍያ ሆኗል።”

ሴትየዋ ጉርዷን መልሳ ወደ ደረቷ አስጠጋች። የተቆጣች አትመስልም።

“እንዲያ ከሆነ ቤቴ እፈታዋለሁ። ክር መፍታት ማን ያቅተዋል? ዋናው ጨርቁ ከውስጥ መኖሩ ነው።” ከዚያ ወደ ቆራጯ ዞረች። “እህቴ፣ ለትንሿ ግን አዲስ ነው የምገዛው። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ትገባለች። እጥፋቱን እንዳትነፍጊያት አደራ።”

ቆራጯ አፏን ከፈተች፤ መልሱ ግን ከወንድሟ መጣ።

“እጥፋት ለሚፈልግ ትንሽ ጭማሪ ያስከፍላል።”

“ለእጥፋት?”

“ለጨርቁ፣ እናት። ጨርቅ በነፃ አይመጣም።”

ሴትየዋ ጥቂት አሰበች። “እስቲ እንግዲህ ቀኑ ይድረስ” ብላ ወጣች። ቆራጯ በመስኮቱ በዓይኗ ተከተለቻት፤ እየሄደች የጉርዷን ጫፍ ገልበጥ አድርጋ ውስጡን ታያለች።

“ያልተከፈለለት ልጅ አያድግም?” አለች ቆራጯ።

“እትዬ፣ በሰው ፊት እንዲህ አትበይኝ።”

“ሰውማ ሄደ። አንተን ነው የምጠይቅህ።”

ወንድሟ በርጩማ ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “እኔ ጨክኜ ይመስልሻል? አንድ ክፍያ ባሳልፍ መኪናዎቹን ይወስዷቸዋል። ሬዲዮ የት ትገባለች? አንቺስ? ላንዱ ላዝን ስል የወሩ ክፍያ ፊቴ ይደቀናል። ሰው ሰላም ሲለኝ እንኳ ሊጠይቀኝ ነው እላለሁ። እንዲህ ሆኜ መኖር ደስ ብሎኝ ነው?”

“ደስ እንዳላለህማ አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ቁረጪ። እስከ ዛሬ ማታ ድረስ ካልጀመርሽ ሌላ ቆራጭ አመጣለሁ። ወድጄ እንዳይመስልሽ።”

ይህን ብሎ ወጣ። ቆራጯ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው ያረጀችው፤ ሌላ ሥራም አታውቅም። እጇን ጨርቁ ላይ አኑራ ቆየች። በልቧ ጸለየች፤ ረጅም አልነበረም።

ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ እሷ ቀረች። ጣቃውን ዘረጋችና በአሮጌው ልክ መደርደር ጀመረች፤ እንደ ወትሮው ሁሉንም ወገባቸውን ወደ ላይ አድርጋ ሳይሆን፣ አንዱን ቀጥ፣ አንዱን ቁልቁል። ጉርዱ ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ስለሚል፣ ሲገለበጥ አንዱ በሌላው ጎን ልክክ ይላል። በመካከላቸው ምንም ክፍተት አልተወችም፤ የአንዱ ዳር የሌላውም ዳር ሆነ። መስመሩን አጠፋች፣ ደግማ አሰመረች። ወንድሟ ሲመለስ ጠረጴዛው በጠመኔ መስመር ተሸፍኗል።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“እጥፋቱ አለ። የምትፈልገው ጨርቅም ከሞላ ጎደል ተርፏል። ለካው።”

ለካው። ሌላ ቦታም ለካ። ከዚያ መቁረጫ መኪናውን አየ። “ይቺ በመካከል ክፍተት ካላገኘች አትሄድም።”

“በመቀስ እቆርጠዋለሁ።”

“ይህን ሁሉ? ትምህርት ቤት እስኪከፈት ዕረፍት የለሽም ማለት ነው። ጊዜሽን ማን ይከፍልሻል?”

“ጊዜዬን ላንተ አልሸጥኩትም፣ ለባንኩም አልሸጥኩትም። ለወደድኩት እሰጠዋለሁ።”

“አሁንም ግን ይጎድላል። ትንሽም ቢሆን ይጎድላል።”

“አዎ። ያቺን አንተ ትሰጣለህ።”

“እኔ?”

“እኔ ልሸፍናት እችል ነበር፤ ከደሞዜ ቁረጥ ብልህ እሺ ትላለህ። አልልህም። ሁሉንም እኔ ከሰጠሁ አንተ እንዲህ እንደሆንክ ትቀራለህ።”

ሬዲዮ ከምሳ ተመልሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

ወንድምየው ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “ካልሰጠሁስ?”

“ሌላ ቆራጭህን አምጣ። እኔ በአጭሩ አልቆርጥም።”

ወንድምየው ጠረጴዛውን ዞሮ በወዲያኛው በኩል ቆመ፤ መስመሮቹን ቁልቁል ሲያይ ይቁጠራቸው ወይም ዝም ብሎ ይያቸው አይታወቅም። ውጭ ደመናው ወርዶ ክፍሉ ደብዘዝ ብሏል። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው።

ቆራጯ የመቁረጫ መኪናውን ገመድ ነቀለች፣ የጠረጴዛውን መብራት ሰካች፣ መቀሱን አነሳች።