የወንድም እግር

ኦፌይና የእማማ ፊፔን አውራ ጣት ይዛ ጥፍሩን በቀጥታ እየቆረጠች ነበር። ጥጎቹን አትነካም፤ ጥጉ የተከረከመ ጥፍር ሲያድግ ወደ ሥጋ ይገባል። ጥፍሩ እንደ ኤሊ ጀርባ ደድሯል። መቁረጫው በተጫነው ቁጥር ቀጭ ይልና ስባሪው በክሊኒኩ ሲሚንቶ ላይ ይፈናጠራል።

«ቀስ በይ አንቺ ልጅ፣ ሰማንያ ዓመት የተሸከመኝ እግር ነው።»

«እርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ በወጉ አላደረቁለትም። ይኸው በጣቶቹ መካከል ነጭ ሆኖ ተልጧል።»

«ቀኑን ሙሉ ባሕር ውስጥ ቀንድ አውጣ ስትለቅም ለምትውል ሴት ማድረቅ ምን ይረባታል?»

«ማታ ይረባታል።»

አግዳሚው ላይ ወረፋ የያዙት ሳቁ። ማክሰኞ የእግር ቀን ነው። ኦፌይና ከሦስት ወር በፊት ለትውልድ ደሴቷ ብቸኛ ነርስ ሆና ስትመለስ ያወጣችው ደንብ ነው። ተረከዙ የተሰነጠቀ ዓሣ አጥማጅ ይመጣል፤ ራግቢ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ ዞሮበት ያበጠ ጎረምሳ ይመጣል። ለሁሉም የምትለው አንድ ነው፦ ማታ ማታ እግራችሁን እዩ፣ ዓይኑ የደከመ ለሌላ ሰው ያሳይ፣ ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱ።

«ጫማ ውስጥ ምን ይገኛል? ሸርጣን?» አለ ጎረምሳው።

«ሸርጣን ቢሆን ደግ ነበር። ሸርጣን ሲነክስህ ትጮሃለህ።»

ጥፍሩን ስትጨርስ የስኳር በሽታ ያደነዘዘው እግር የሚለይባትን ጠንከር ያለች የናይለን ክር አነሳች። «ዓይንዎን ይጨፍኑ እማማ። ሲሰማዎት ይንገሩኝ።» የክሩን ጫፍ ከአሮጊቷ ውስጥ እግር ላይ አሳረፈች።

«ተሰማኝ። ዝንብ ናት ወይስ አንቺ?»

«እኔ ነኝ።»

«ዝንቧ ትሻል ነበር፤ ማድረቅ ምናምን አትልም።»

ሌላው ሳቀ፤ ኦፌይና ግን በሩን እያየች ነበር። ከእሷ በፊት የነበረችው ነርስ መዝገብ ላይ የወንድሟ የፓውሊያሲ ስም ወር አይዘልም፦ ስኳሩ፣ እግሩ፣ የወሰደው ኪኒን። ኦፌይና ከመጣች ጀምሮ ገጹ ባዶ ነው። አሥራ ሁለት ማክሰኞ አለፈ። መጠየቅ አልቻለችም። በዚህ ደሴት እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ በአንድ ክፍል አይቀመጡም፤ ገላ ነክ ወሬ በመካከላቸው አይነሳም። እህት ታናሽም ብትሆን ትበልጣለች። መጀመሪያ ከማሳው የተቆፈረው ቦዬ የእሷ ነው፤ ጥሩ ሰሌን ሲሠራም ለእሷ ነው። እንዲህ ያለች ሴት ወንድሟ እግር ስር ቁጢጥ ትላለች ብሎ የሚያስብ የለም። ኦፌይናም ራሷ አላሰበችውም፤ ብቻ በየማክሰኞው በሩን ታያለች።

«ወንድምሽ ኮርቷል ይላሉ» አሉ እማማ ፊፔ እግራቸውን እየሰበሰቡ።

«ማን ነው የሚለው?»

«ሁሉም። የመዘምራን መሪ ሲኮን እንዲህ ይኮናል? ሦስት ሳምንት ሙሉ የማንንም ቤት አልረገጠም። በር ላይ ቆሞ ይጣራል፤ ግባ ሲሉት እቸኩላለሁ ይላል። በቀደም ለቅሶ ላይ ዝናብ እየደበደበው ውጭ ቆሞ ዋለ።»

የኦፌይና እጅ ክሩን እንደያዘ ቀረ። ጫማውን ሳያወልቅ ሰው ቤት የሚገባ የለም።

ክሊኒኩን እኩለ ቀን ላይ ዘጋች። ምግብ አቀረበች፣ አልበላችም። ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ባልዲውን ረስታ ተመለሰች። ነገ ጠዋት ጀልባው ወደ ትልቁ ደሴት፣ ሆስፒታሉ ወዳለበት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ጀልባ የለም። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከቤተ ክርስቲያን የመዝሙር ልምምድ ተሰማ። የወንድሟ ወፍራም ድምፅ ሲያስቆም፣ ሲያስጀምር፣ እንደገና ሲያስቆም ይሰማል። እሱ እዚያ ከሆነ ቤቱ መሄድ አያስነውርም። የመድኃኒት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በአሸዋው መንገድ ላይ የጫማውን ዱካ አገኘች። የግራው ከተረከዝ እስከ ጫፍ ሙሉ ነው። የቀኙ ተረከዝ ብቻ ነው፤ ከኋላው ጠባብ መስመር እየጎተተ ይሄዳል። መርገጥ ስላልፈለገች በዳር በዳር ተራመደች።

የወንድሟ ሚስት ሉፔ በረንዳው ላይ የሰሌን ቅጠል እየሰነጠቀች ነበር። ባየቻት ጊዜ ብድግ አለች።

«እትዬ ኦፌይና! ምነው ሳይልኩብን? አንድ ነገር እንኳ ሳናበስል...»

«ተቀመጪ። ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በጣም ደኅና ነው።» ሉፔ ግን ወደ ደረጃው ሰረቅ አድርጋ አየች።

ደረጃው ላይ ከጎማ የተሠራ ሰፊ የወንድ ሰንደል ጫማ ፀሐይ ላይ ተደግፏል። ግራው ደርቆ አቧራ ለብሷል። ቀኙ ታጥቦ ገና ያንጠባጥባል። ኦፌይና የወንድሟን ዕቃ ነክታ አታውቅም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ትራሱን እንኳ አልፋው ነው የምትሄደው። ጎንበስ ብላ ቀኙን ሰንደል አነሳችና እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። ከአውራ ጣቱ ስር፣ ጎማው ውስጥ፣ አንድ ሹል ነገር ጣቷን ወጋት። ገለበጠችው። የቆርቆሮ ምስማር ነው። አናቱ ከታች በመንገድ ተበልቶ ከጎማው ጋር እኩል ሆኗል፤ ጫፉ ከላይ የሩዝ ፍሬ ያህል ብቅ ብሏል።

«የማድ ቤቱን ክዳን የጠገናችሁት መቼ ነው?»

ሉፔ አለቀሰች። «ሦስት ሳምንት ሆነው። እኔ ምስማሩን አላየሁም፤ እውነቴን ነው። ካልሲው በደም ርሶ ሲመጣ ኮራል ቆርጦኝ ይሆናል አለኝ። በባሕር ውሃ አጠብነው፣ ቅጠል አሰርንበት። ለእትዬ ልንገራቸው ስለው እህቴ ከሰማች ታያለች፣ ካየች እግሬ ስር ትንበረከካለች፣ እኔ ቆሜ ይህን አላይም አለኝ።»

«አያመውም?»

«ምንም አያመውም፤ እኔም ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።»

ልምምዱ አልቆ ነበር። ፓውሊያሲ በአጥሩ በር ሲገባ ኦፌይና ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች፤ እሱም በረንዳው ላይ ሲያያት ዞሮ በጓሮ በር ገባ። ውስጥ ወንበር ሲንሳጠጥ ተሰማ። በበሩ ላይ አበባ ያለበት ወፍራም መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ኦፌይና ከመጋረጃው ወዲህ በረንዳው ወለል ላይ፣ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠች።

«ሉፔ» አለች ጮክ ብላ፣ «ግቢና ቅጠሉን ፍቺው። የምታዪውን ንገሪኝ።»

«ሉፔ» አለ የወንድ ድምፅ ከውስጥ፣ «ለእህቴ ደኅና ነኝ በያቸው። ሻይ አፍዪላቸው።»

«ሻይ አልጠጣም በዪው።»

ሉፔ በሁለቱ መካከል መጋረጃውን ይዛ ቆመች፤ ከዚያ ገባች። ቅጠሉ ሲፈታ ሽታው ቀድሞ ወጣ። ኦፌይና ያን ሽታ ታውቀዋለች።

«ቀለሙስ?»

«ዙሪያው ቀይ ነው። መሀሉ... ጠቁሯል እትዬ። ቀዳዳው ትንሽ ነች፤ ጣቱ ግን ሦስት ጣት አክሏል።»

«ቅላቱ እስከ የት ደርሷል?»

«ቁርጭምጭሚቱ ጋ አልደረሰም። ግማሽ እግሩን ነው።»

ኦፌይና ከቦርሳዋ ጫፉ ድቡልቡል የሆነ ቀጭን የብረት ዘንግ አወጣችና ከመጋረጃው ስር አሳለፈች። «ቀዳዳው ውስጥ በቀስታ አስገቢና እስከ የት እንደሚገባ እዪ።»

ዘንጉ ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ።

«አልችልም እትዬ። ይቅር ይበሉኝ። እጄ እንቢ አለኝ።»

«በቃ ይተውት በያቸው» አለ ፓውሊያሲ። «ሉፔ፣ ንገሪያቸው፤ እሑድ በዓል ነው፣ ሰባ ሰው አሠልፌ መሀል ላይ ጥያቸው አልሄድም። ደግሞ አጎታችን እግሩን ይዞ በጀልባ ሄደ፣ ይዞት ተመለሰ? ይህንንም ንገሪያቸው።»

«አጎታችን በጀልባ የሄደው እግሩ ከጠቆረ በኋላ ነው» አለች ኦፌይና። በሉፔ በኩል ማለፉን ትታ በቀጥታ እሱን እያናገረች መሆኗ የገባት ቆይቶ ነው። «ፓውሊያሲ፣ ቦዬህን በየዓመቱ ትልክልኛለህ፤ ለምኜህ አይደለም። ሰሌኑንም ራስህ ነህ ያመጣኸው። በሕይወቴ አንድ ነገር ስጠኝ ብዬህ አላውቅም። አውቃለሁ፣ ብጠይቅህ እንቢ ማለት አትችልም፤ ለዚህ ነው ያልጠየቅሁህ። አሁን እጠይቅሃለሁ። እግርህን ስጠኝ።»

ዶሮ በበረንዳው ስር ጫረች። ሉፔ ውስጥ አፍንጫዋን ሳበች። የባሕሩ ማዕበል አንዴ መጥቶ ተመለሰ፣ ሁለተኛም ተመለሰ። ወንበሩ ተንሳጠጠ። ከዚያ መጋረጃው ከታች ተነቃነቀና ሰፊው ቀኝ እግር ወጣ፤ ተረከዙን ወለሉ ላይ አሳርፎ ቆመ።

ኦፌይና ቁጢጥ አላለችም። ከጎኑ እግሯን አጣጥፋ ተቀመጠችና ተረከዙን ጭኗ ላይ አደረገችው። ከባድ ነበር። ትንሿ ጣት ከጎረቤቷ ላይ እንደተቆለመመች ናት፤ የእሷም ትንሿ ጣት እንዲሁ ናት። አላወቀችም ነበር።

በሞቀ ጨው ውሃ አጠበችው። ዘንጉን በአልኮል ጠርጋ ቀዳዳው ውስጥ ሰደደችው። ገባ፣ ገባ፣ ከዚያ ጠንካራ ነገር ላይ ቆመ። ጭቃ ስር ያለ ድንጋይ ይመስላል። አጥንቱ ነው።

«እህቴ» አለ ድምፁ ከመጋረጃው ወዲያ፣ አሁን በቀጥታ ለእሷ፤ «ሲጀምሩ ይንገሩኝ፣ ልዘጋጅ።»

ኦፌይና ዘንጉን ቀስ አድርጋ አወጣችው።

«ጨርሻለሁ» አለችው።

እግሩ አንዴም አልተንቀሳቀሰም ነበር።

«ነገ ጠዋት ትሄዳለህ» አለች ፋሻውን እየጠቀለለች። «ሉፔ አብራህ ትሄዳለች፤ ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ። ነገ ከሄድክ የሚቆረጥ ቢኖር ጣት ብቻ ነው ብዬ አስባለሁ። በሚቀጥለው ጀልባ ከሄድክ ግን ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

«መዝሙሩስ?»

«እማማ ፊፔ ይምሩት።»

«እማማ ፊፔ? ዜማውን ይገድሉታል!»

«ይግደሉት። ዜማውን ስትመለስ ታስነሳዋለህ።»

ሉፔ ከውስጥ ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ሳግ ሆነ። ኦፌይና ፋሻውን አጥብቃ አሰረች፣ የመጀመሪያውን ኪኒን ከመጋረጃው ስር አሳለፈች፣ ሲውጠው አዳመጠች። ከሉፔ ፒንሳ ተቀብላ ምስማሩን ከጎማው ነቀለችና በወረቀት ጠቀለለችው፤ ሐኪሙ ይየው።

«ግራውንም» አለች።

«እሱ ምንም አልሆነም እኮ።»

«አሁን ተሸካሚው እሱ ብቻ ነው። ስጠኝ።»

ግራው እግር ወጣ። በጣቶቹ መካከል አንድ በአንድ አየች፣ አጠበች፣ አደረቀች። ተረከዙን ቅባት ቀባችው፤ በጣቶቹ መካከል ግን አልቀባችም። ከዚያ መቁረጫውን አንስታ ከአውራ ጣቱ ጀምራ፣ ጥጎቹን ሳትነካ፣ አምስቱንም ጥፍሮች በቀጥታ ቆረጠች። ስባሪዎቹን በመዳፏ ጠርጋ ሰበሰበች። መቁረጫውን በአልኮል ወልውላ ቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው፣ ክዳኑን ገጠመችና ከጎኗ አስቀመጠችው።