ጠራጊዎቹና አራት ትልም መሬት

ባሌ ባዩ ዐብዶ ቢሆን ጠበል እወስደው ነበር። ከርሊንግ የሚሉት የፈረንጅ ጨዋታ ለያዘው ሰው ግን ጠበልም የሚገኝለት አይመስለኝም። ዲሽ ያስገባን ሰሞን ኳስ ሲፈልግ አገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ኳሱም ቀረ።

ጨዋታው ይኸው ነው። አንዱ እጀታ ያለው ድንጋይ በበረዶ ላይ ይገፋል፤ ሁለቱ መጥረጊያ ይዘው ከፊት ከፊቱ እየጠረጉ ይሮጣሉ። ድንጋዩ በረዶው ላይ ከተሣለው ክብ መሐል ከቆመ ጭብጨባ ነው። አንድ ቀን ቤት ጠርጎልኝ የማያውቅ ሰውዬ፣ የሚደግፋቸውን ቀይ ለባሾች «ጥረጉ! ጥረጉ!» እያለ ሰፈሩን ይረብሻል። ገብሱ አውድማ ላይ ተከምሮ እሱ መብራት እንዳይጠፋ ይጸልያል። እዚህ እኛ አገር ንፋስ መውጫ ላይ በረዶ ሲወርድ ሰብል ያጠፋል እንጂ ጨዋታ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ያልቻልሁት የዋለን ጉዳይ ነው። ዋለ ከማሳችን አጠገብ የሚያርስ ጎረቤታችን ነው። ሰኔ ላይ የድንበሩን ድንጋይ አራት ትልም ወደ እሱ ማሳ አስገባነው፤ እኔ በዶማ ፈነቀልሁ፣ ባዩ ተሸከመ። ማንም አላየንም። ዋለ ግን ጠርጥሮ ከሰሰን፤ ሽማግሌዎቹም ለእሑድ ቀጠሩን።

ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ከቀይ ለባሾቹ አንዷ ድንገት እጇን አነሣች። ባዩ ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ምን ሆነች?» አልሁት።

«ድንጋዩን በመጥረጊያዋ ነክታው ነው፤ መንካት ክልክል ነው።»

«ዳኛው አያት?»

«ማንም አላያት። ራሷ ናት የተናገረች። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ የነካ ራሱ ይናገራል።»

ተሸነፉ። ባሌ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ለማያውቃት ሴት! እናቱ የሞቱ ለት ያላለቀሰ ሰው!

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ቄስ ሥዩም መስቀላቸውን አወጡ። እኔ ቀድሜ ተሳለምሁና፣ «ይህ ድንጋይ ከአማቴ ዘመን ጀምሮ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም» ብዬ ማልሁ። ተራው የባዩ ሆነ። እሱ መስቀሉን በመሳለም ፈንታ እጁን አነሣ! በዚያ ሁሉ ሽማግሌ ፊት፣ እንደዚያች ሴት!

«አባ፣ ይፍቱኝ። ድንጋዩን ነክቼዋለሁ። አራት ትልም ገፍቼበታለሁ።»

ደሜ ፈላ። ቄስ ሥዩም ወደ እኔ ዞሩ። «ሐረገ ወይን፣ ታዲያ አሁን የማልሽው ምንድን ነው?»

«እሷ አታውቅም» አለ ባዩ ፈጠን ብሎ። «ብቻዬን ነኝ ያደረግሁት።»

ዋለ ሳቀ። «በዚያ ወገብህ? ያን የሚያህል ድንጋይ ብቻህን?»

ሽማግሌዎቹም ሳቁ። ባዩ አንገቱን ደፋ። ጅል! እውነቱን ለእነሱ ሰጥቶ ውሸቱን ለእኔ አስቀረልኝ፤ መዋሸቱንም አላወቀበትም። ቢሆንም በእኔ የተነሣ ሲሳቅበት ማየት አልቻልሁም።

«ዶማውን የያዝሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህሁ።

ሳቁ ቆመ። ቄስ ሥዩም ከንፈሬ የነካውን የመስቀሉን ቦታ በጋቢያቸው ጫፍ አበሱት።