ማኅተም ያረፈበት ጭምብል

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት፣ ብልጭታ የጫማውን ክር እያሰረ ሳለ ነው። ሚስቱ በስልኳ ከፍታ አነበበችው፤ ደግማ አነበበችው፤ ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣች።

«ምን ይላሉ?» አላት ቀና ብሎ።

«በላካችኋቸው አሥራ አምስት ፎቶዎች ላይ አመልካቹ አይታይም ይላሉ።»

«እንዴት አልታይም? አሥራ አምስቱም ላይ እኔ ነኝ እኮ!»

«አሥራ አምስቱም ላይ ያለው ጭምብል ነው፣ አንተ ሰውዬ።»

እውነቷን ነበር። ብልጭታ በያጅ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ስሙን ረስቶ ብልጭታ የሚለውም ለዚሁ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በርና መስኮት፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያና የፎቅ ደረጃ ሲበይድ ኖሯል። በሥራ ላይ ያለ በያጅ ፎቶ ሲነሳ ደግሞ የሚታየው ቱታ፣ ጓንት፣ የብየዳ ጭምብልና ብርሃን ብቻ ነው። ፊቱን ገልጦ የሚበይድ ካለ ዓይኑን የጠላ መሆን አለበት። የሚገርመው ግን ፎቶዎቹን ሲያነሱ፣ ሲመርጡና ሲልኩ ከአራቱ የቤተሰቡ አባላት አንዱም ይህን አለማስተዋሉ ነው። ምን ያድርጉ፣ እነሱ ያንን ጥቁር ጭምብል ሲያዩ የሚታያቸው አባታቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከስምንት ወር በፊት ነበር። ሩቅ ያለ አንድ አገር በያጅ አጥሮት በሙያ ቪዛ ከነሚስቱ ከነልጆቹ እንደሚወስድ ሚስቱ ሰማች፤ ከሰማች ደግሞ አለቀ። እሷ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ኃላፊ ናት፤ በወረቀት ቀልድ አታውቅም። በሳምንቱ የልደት፣ የጋብቻ፣ የትምህርትና የሥራ ማስረጃ የየራሱ አቃፊ ኖረው። ብልጭታም ደብተር ገዝቶ የውጭውን ቋንቋ አጠና፤ ፈተናውን ለጥቂት አለፈ፤ ለጥቂት ማለፉን ግን ለማንም አልተናገረም። አሁን የቀረው የሙያ ምዘናው ነበር፤ ፎቶዎቹ የተላኩትም ለዚሁ ነው። እሱን ካለፈ ዋናው ማመልከቻ ይገባል።

ችግሩ ቀኑ ነው። ዋናው ማመልከቻ ትልቋ ልጃቸው አሥራ ስምንት ዓመት ሳይሞላት መግባት አለበት። ከዚያች ቀን ካለፈ እሷ ከወላጆቿ ፋይል ትወጣለች፤ ብቻዋን፣ በራሷ መንገድ፣ ማን ያውቃል ከስንት ዓመት በኋላ። ልደቷ ደግሞ ልክ የዛሬ ሦስት ሳምንት ማክሰኞ ነው። ብልጭታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አቋሙ አንድ ነበር፦ «አራት ሆነን ከሆነ እሰየው። ሦስት ሆነን ግን ከዚህ በር አልወጣም።»

ደብዳቤው አንድ ዕድል ሰጥቷቸዋል። እስከ ቅዳሜ ማታ፣ ሳይቆራረጥ የተቀረጸ ቪዲዮ ይላኩ፤ አመልካቹ ፊቱን ያሳይ፣ ሁለት ብረት ያዘጋጅ፣ ይበይድ፣ የበየደውን ለመስበር ሞክሮ ያሳይ።

«ቀላል ነው» አለ ብልጭታ። ሰውየው ከባድ ነገር ሲመጣበት ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱም ብየዳ ቤቱ ተገኙ። ባለቤቱ ጋሽ ዝገት በሩ አጠገብ ካለችው ወንበራቸው ሆነው ተቀበሏቸው። ዝገት የተባሉት ከዚያች ወንበር ስለማይነቀሉ ነው ይባላል፤ እሳቸው ግን ዕድሜ ልኬን ከዝገት ጋር ስለታገልኩ ነው ይላሉ። ድርጅታቸው ያለው ማኅተም አንድ ብቻ ሲሆን፣ በሲባጎ ታስሮ ከቀበቷቸው ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል። የብልጭታን የሥራ ልምድ ማስረጃ ሲያስጽፉ «ይህ ልጅ ለእኔ ጉበቴ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አስገብተው፣ የብልጭታ ሚስት እስክታስወጣው ድረስ ሦስት ሳምንት ተሟግተዋታል።

ትልቋ ስልኩን ያዘች። ብልጭታ ፊቱን አሳየ፣ ስሙን ተናገረ፣ የሁለቱን ብረቶች ጠርዝ በግራይንደር ሞረደ፣ የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ አሰረ፣ ጭምብሉን ደፋ። ኤሌክትሮዱን፣ የብየዳውን ዘንግ፣ ጭሮ ብርሃኑን ሊያስነሳ ሲል ከአፉ እንደ ልማዱ ወጣ፦

«አትዩ!»

እርፍ! እናትየው ወደ ግድግዳ፣ ትንሿ ወደ እናቷ ቀሚስ፣ ጋሽ ዝገት ወደ መንገዱ ዞሩ። ትልቋም ከነስልኩ ዞረች። ቪዲዮውን ሲያዩት ግማሹ ብልጭታ፣ ግማሹ የብየዳ ቤቱ ግድግዳ ነበር።

አይፈረድባቸውም። እነዚህ ልጆች ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እዚህ ቤት ሲመጡ መጀመሪያ የሚሰሙት ቃል «አትዩ» ነው። የብየዳ ብርሃን ዓይን ያቃጥላል፤ ያየ ሰው ዓይኑ ውስጥ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ሲያለቅስ ይውላል። ብልጭታ በዚህ ነገር ምሕረት የለውም። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ከቤተሰቡ አባታቸው ሲበይድ አይቶ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ አሥራ አምስቱን ፎቶ እንኳ ያነሱት ፊታቸውን አዙረው ነው።

ሁለተኛው ሙከራ ላይ ትልቋ ፊቷን ብቻ አዙራ ስልኩን አላዞረችም፤ ስልኩ ግን በብርሃኑ ታውሮ ሁሉንም ነጭ አደረገው። ለሦስተኛው ብልጭታ ትርፍ ጭምብል አደረገላት፣ ለስልኩ ደግሞ ከሌላ ጭምብል የተነቀለ ጥቁር መስታወት ሰጣት። ብርሃኑ ሲነሳ መስታወቱን ስልኩ ፊት ደቀን ማድረግ ነው። ይሄ ሠራ። ግን እናትየው ፊቷን ቋጠረች።

«መስታወቱ ሲደቀን ለአንድ አፍታ ሁሉም ይጨልማል» አለች። «በጨለማው ሰው ቀይረዋል ቢሉንስ?»

«ኧረ በፈጣሪ! ማን ነው የሚቀይረኝ? ጋሽ ዝገት?»

«እኔ ሃያ ዓመት ሰነድ ሳይ ኖሬያለሁ። ፎቶ ያልተለጠፈበት ሰነድ ሰነድ አይደለም።» ቦርሳዋን ከፍታ ለቪዛው የተነሳውን የባሏን ጉርድ ፎቶ አወጣች፤ ጭምብሉ ግንባር ላይ በማጣበቂያ ለጠፈችው፤ ራቅ ብላ አየችው። ከዚያ ወደ ጋሽ ዝገት ዞረች። «ማኅተም ይረፍበት። ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ጭምብሉ ላይ።»

ጋሽ ዝገት ማኅተማቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። «የኔ እመቤት፣ ይሄ ማኅተም ከወረቀት ሌላ ነገር ነክቶ አያውቅም!»

«ዛሬ ይነካል፣ ጋሼ።»

ትንሿ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። ብልጭታ ሰማይ ሰማይ ያይ ጀመር። ጋሽ ዝገት ግን ሴትዮዋን ካሁን በፊት ስለሚያውቋት ብዙ አልታገሉም፤ ማኅተሙን እህ ብለው ተነፈሱበትና ጥርሳቸውን ነክሰው አሳረፉት። እንዲህ ሆኖ ብልጭታ በግንባሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት፣ ከረባት ያሰረና የተቆጣ የሚመስል ሌላ ብልጭታ ተሸክሞ ሥራ ጀመረ።

ሥራው አማረ። በስምንተኛው ደቂቃ ላይ ግን ብልጭታ ድንገት አቆመ። ጭምብሉን ገልጦ ወደ ልጁ ዞረ፣ ትንሽ አያትና ተመለሰ። ያቆመበትን ቦታ ቅርፊቱን በመዶሻ አራግፎ፣ በብሩሽ ጠርጎ፣ እንደገና ቀጠለ። ሲጨርስ ብረቱን በትልቅ መዶሻ መታው፤ ብየዳው ንቅንቅ ሳይል ብረቱ ጎበጠ። መዶሻውን ሳያስቀምጥ መብራት ሄደ።

«መሃል ላይ ማቆምህ ነጥብ ያስቀንስ ይሆን?» አለች እናትየው።

«ያስቀንሳል» አለ ብልጭታ። «በያጅ የጀመረውን መስመር አያቋርጥም።» እንደገና እንዳይቀርጹ መብራት የለም፤ መብራቱ ሲመጣ ደግሞ ቀኑ መሽቶ ነበር። ያለውን ላኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ቤቱን ጸጥ አሰኙት። እናትየው ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ትዳስሳለች። ትልቋ ምንም ግድ እንደሌላት ሆና ታፏጫለች፤ አንድ ቀን ጠዋት ግን አቃፊዎቹን ከፍታ የራሷን ጉርድ ፎቶ ስታይ ብልጭታ አያትና አንጀቱን በላችው። ኮቴውን አጥፍቶ ተመለሰ።

መልሱ መጣ፤ ሐሙስ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ አለ፣ አመልካቹ ብቻውን ይቅረብ። ከልደቷ አምስት ቀን ቀድሞ ማለት ነው።

ሐሙስ ዕለት ብልጭታ መኝታ ቤት ገብቶ ስልኩን መጻሕፍት ላይ አቁሞ ተቀመጠ። ሦስቱ በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ቀሩ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰዎች ብቅ አሉ፦ ዓይኗን ከምትጽፍበት የማታነሳ ባለመነጽር ሴትና ጣቶቹ የወፈሩ፣ ምራቁን የዋጠ መላጣ ሽማግሌ።

«ጭምብሉ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ያጠናው ቃል ሁሉ እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፋ። «እኔ» አለ ብልጭታ።

«ፎቶው ላይ ያለውስ?»

«ማኅተም ነው። ውስጥ ያለሁት እኔ መሆኔን እንድታምኑ።» ላብ በላብ ሆኗል። «ባለቤቴ የመዝገብ ቤት ሰው ናት» ብሎ ጨመረ፣ ይህ ሁሉን ያስረዳል ብሎ። እሱ እንኳ ያስረዳል።

ሽማግሌው በሳቅ ፈነዳ። ሴትዮዋም ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ከበሩ ጀርባ የእናትየው ኩራት የተሞላ ሹክሹክታ ተሰማ፦ «አላልኳችሁም?»

ከዚያ ሽማግሌው ሳቁን ውጦ ጠጋ አለ። «በስምንተኛው ደቂቃ አቁመህ ዞረሃል። ለምን?»

ብልጭታ ብረቱ ስለጋለ ነው ማለት ይችል ነበር። ኤሌክትሮዱ አለቀ ማለትም ይችል ነበር። ግን ውሸት በራሱ ቋንቋም አይሆንለትም፣ እንኳን በሰው ቋንቋ።

«ካሜራ የያዘችው ልጄ ናት» አለ ቃል በቃል እየለቀመ። «ጭምብሏ ከፍ ያለ መሰለኝ። ዓይኗን ፈራሁ። ብየዳውን እንደገና መጀመር ይቻላል። ዓይን አይቻልም።»

ሽማግሌው ለሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገራት፣ እሷም ጻፈች፤ አመስግነው ጠፉ። ብልጭታ በሩን ከፍቶ ሦስቱን አያቸው። «ያቆምኩበትን ጠየቁኝ» አለ።

ሰኞ ጠዋት፣ ለልደቷ አንድ ቀን ሲቀር፣ ውጤቱ መጣ። አልፏል። ከታች ሽማግሌው ሁለት መስመር ጽፎ ነበር፦ «በአደጋ ጥንቃቄ ሙሉ ነጥብ። ሰው ለማየት ብሎ ሥራውን የማያቆም በያጅ አጠገቤ እንዲሠራ አልፈልግም።»

እናትየው ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አቃፊዎቿን ዘረጋች። አራቱም ከበቡ። የትልቋ ዕድሜ የሚጻፍበት ቦታ ስትደርስ ጮክ ብላ «አሥራ ሰባት!» አለችና ጻፈች። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማመልከቻው ገባ፤ ወዲያው የደረሰኝ ቁጥር መጣ፣ ከሥሩ ስም ዝርዝር ነበረው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ብልጭታ እዚህ ላይ አለቀሰ። ጭስ ነው አለ፤ ቤት ውስጥ ጭስ አልነበረም። የቪዛው ውሳኔ ገና ወራት ይፈጃል፣ መንገዱም ገና መጀመሩ ነው፤ ግን ፋይሉ ውስጥ አራት ናቸው፣ እሱ የፈለገውም ይህንን ነው።

በማግስቱ፣ በልደቷ ቀን፣ ትልቋ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ብየዳ ቤት መጣች።

«ምን ልስጥሽ?» አላት አባቷ። «ዛሬ የጠየቅሽኝን ነው የማደርገው።»

«መበየድ አሳየኝ።»

«ምን ነካሽ? አንቺ ኮምፒውተር ነው የምትማሪው!»

«እማራለሁ። ግን አባዬ፣ ሁልጊዜ አትዩ ነው የምትለን። ያን ቀን በጥቁሩ መስታወት ነው መጀመሪያ ያየሁህ። ብረቱ እንደ ማር ሲፈስ፣ አንተ ደግሞ ቀስ ብለህ ስትመራው። እንዲህ እንደሆነ ለምን አልነገርከንም? ጭምብሌን ከፍ ያደረግኩትም በደንብ ላይህ ብዬ ነው።»

ለብልጭታ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቤተሰቡን ሲጠብቅ፣ ከሚወደው ነገርም አብሮ ሲከልላቸው መኖሩ አሁን ገና ገባው። ጓንቱን አወለቀና አጠለቀላት፤ የራሱን ጭምብል አነሳና ራሷ ላይ አደረገው። ከግንባሯ ላይ የራሱ ጉርድ ፎቶ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ዳሩ በብልጭታ ተለብልቦ፣ በቁጣ አፈጠጠበት።

«ኧረ ማኅተሜን!» ብለው ጮኹ ጋሽ ዝገት ከወንበራቸው። «ውስጥ ያለው እሱ ነው ብዬ አረጋግጬ፣ አሁን እሷን ትከታላችሁ?»

ብልጭታ እየሳቀ ትርፉን ጭምብል ደፋ፤ ከኋላዋ ቆሞ እጇን በእጁ ያዘ። ኤሌክትሮዱን ወደ ብረቱ አስጠጉት። ጋሽ ዝገት ከልማዳቸው ወደ መንገዱ ዞሩ። ብልጭታም ከልማዱ አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ መልሶ ዋጠው።

«እዪ» አላት።