ገና ያልተዋወቅነው ሰው

ነፍሰ ጡሯ ልብስ ሰፊ የሆስፒታሉ ማሽን ውስጥ ስትጋደም በልቧ የያዘችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። በአልትራሳውንድ ያያት ሐኪም፣ የልጇን አንጎል ግራና ቀኝ የሚያገናኘውን ድልድይ አጣሁት ብሏታል። አለ ወይስ የለም? ቁርጡን የሚናገረው ይሄ ኤምአርአይ የሚባለው ማሽን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ፎቶ ማንሳት አይሆንለትም።

እሷማ እንደ ግንድ ተጋድማለች። ያስቸገረው ሆዷ ውስጥ ያለው የሰባት ወሩ ነው።

የማሽኑ ባለሙያ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ በማይክሮፎን ልጁን «አትንቀሳቀስ» አለው። ልጁ ሆዷ ውስጥ ተገላበጠ፤ ምስሉ ተበላሸ።

«ሴት ብትሆንስ?» አለች ከውስጥ። ቀልድ አምሯት አልነበረም፣ ሰልችቷት ነው።

ባለሙያው ግን ነገሩን ከምር ወሰደው። «አትንቀሳቀሺ» አለ። ይባስ ብሎ እርግጫ። ግራ ሲገባው፣ አንድ መሆኑን በዓይኑ እያየ፣ «አትንቀሳቀሱ» ብሎ ለብዙ ሰው አወጀ። እሱም አልሠራም።

ከጎኑ የተቀመጡት አክስቷ ናቸው። አርባ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ሌባውንም ዳኛውንም «እርስዎ» ሲሉ የኖሩ ሴት፣ ይሄን ሁሉ ድፍረት ዝም ብለው መስማት አልቻሉም።

«ገና ያልተዋወቅነውን ሰው አንተ፣ አንቺ ይባላል? እስቲ ዘወር በል፣ ልጄ።» ማይክሮፎኑን ተቀብለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቅርታ ያድርጉልን። ለጥቂት ደቂቃ ባይንቀሳቀሱ ደስ ይለናል።»

ሆዷ ጸጥ አለ። ማሽኑ እንደ ቆርቆሮ ቤት ሲንኳኳ እንኳ ልጁ ጣቱን አላነሳም። ልብስ ሰፊዋ እዚያው እንደተጋደመች ኮራች፤ ጨዋ ልጅ ነው የያዘችው። ባለሙያው ሃያ ደቂቃ ቀርጾ ሲጨርስ «እናመሰግናለን፣ ደክመዋል» አለ፣ ለሆዷ።

ሐኪሙ ምስሎቹን አንድ በአንድ ሲያይ ቆየ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ሲላት የነበረ ሰው፣ «ነይ እስቲ፣ የኔ እህት፣ ተቀመጪ» አላት። ያኔውኑ ገባት። ድልድዩ የለም። እንዲህ ተወልደው እንደማንኛውም ሰው የሚያድጉ አሉ፣ የሚቸገሩም አሉ፤ ይሄኛው ከየትኞቹ እንደሚሆን ከአሁኑ አይታወቅም አላት።

አለቀሰች። አክስቷ ትከሻዋን ይዘው ቆሙ። ከዚያ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና ምስሉ ላይ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካች።

«ድልድዩ ከሌለ ታዲያ፣ አክስቴን በየት በኩል ሰማቸው?»

ሐኪሙ ወንበሩን ወደ ምስሉ አዙሮ እንደገና መፈለግ ጀመረ።