ቀበቶ የሚያልፍበት ጠባሳ

አማት ምራቷን ስታመሰግን ሰው ከጀርባው ሌላ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል። ይጠርጥር። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው።

ምራቴ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ልጄን ከማግባቷ በፊት ጀምሮ እንጀራዋ ይኸው ነው። ተማሪዎቿ «ፍሬን» ይሏታል፤ ከተማሪው ጎን ተቀምጣ «ፍሬን ያዝ!» ስትል መንገደኛው ሁሉ ባለበት ይቆማል እያሉ ይቀልዱባታል። እሷ ግን ከፍሬንም አብልጣ የምትጠብቀው ቀበቶን ነው። ቀበቶውን ሳያስር ቁልፍ የነካ ተማሪ፣ ሽማግሌም ሆነ ጎረምሳ፣ አትምረውም። «መጀመሪያ ራስህን እሰር፤ ከዚያ መኪናውን ፍታ» ትለዋለች።

አንድ ጊዜ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ መቆም ጀመረች። ድካም ነው አለችን። ኋላ ሲመረመር ከልቧ በሮች አንዱ በደንብ አይዘጋም ተባለ። ደረቷን ከፍተው ጠገኑላት፣ ተረፈችልን። ዕድሜዬን የጨረስኩት በልብስ ስፌት ነውና ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየሁት ስፌቱን ነበር። ከአንገቷ ሥር ተነስቶ ቁልቁል የወረደ፣ ቀጥ ያለ፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር። «ይህን የሰፋ እጅ ይባረክ» አልኩ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ቁስሉ ከዳነ፣ ሁላችንም ከረሳነው በኋላ፣ ያ ቀጭን መስመር ይነሳ ጀመር። ቀላ፣ ጠነከረ፣ ደረቷ ላይ ገመድ የተጋደመ መሰለ። ሌሊት በእንቅልፏ ታከዋለች። ልጄ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ የማይደነግጥ ሰው። ያን ጠባሳ ባየ ቀን ግን ዓይኑን ሰበረ። እሷም አየችው። ሸሚዟን እስከ አንገቷ ቆለፈች። ከዚያ ወዲያ በዚያ ሙቀት እንኳ አንድ ቁልፍ ስትፈታ አላየኋትም።

የልብ ሐኪሙ ሥራ ጀምሪ ሲላት በደስታ ሄደች። ማታ ስትመለስ ሸሚዟ ደረቷ ላይ ተጣብቋል፤ ቀበቶው የሚያልፈው ልክ በጠባሳው ላይ ነው፤ ሲፈትገው ውሏል። በማግስቱ ቀበቶውን በብብቷ ሥር አሳልፋ ተቀመጠች። አንድ ጎልማሳ ተማሪ ዞር ብሎ አያትና «ቲቸር፣ ቀበቶዎ ልክ አይደለም» አላት። እውነቱን ነው። መኪናውን ጥግ አስይዛ ሞተሩን አስጠፋችው፤ ይቅርታ ጠይቃ ለሌላ አስተማሪ ሰጠችው።

የማሠልጠኛው ባለቤት ደግ ሰው ነው። «ምን አካበድሽው?» አላት። «ማን ያይሻል? እስኪሻልሽ ሳታስሪ ተቀመጪ።»

«ጋሼ፣ እኔ ያላሰርኩትን ማን ያስራል?» አለችው። «በደንብ ማሰር እስክችል መኪና ውስጥ አልገባም። የመንገድ ምልክት የሚያስተምሩበትን ክፍል ይስጡኝ።»

ሰጣት። መሪ የለመደ እጅ ጠመኔ ያዘ።

እኔም እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ቀበቶው ላይ የሚጠለቅ ወፈር ያለ ትራስ ሰፋሁላት። አገላብጣ አየችውና ትከሻዬን ሳመችኝ። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ። ግን ቀበቶ ከሰውነት ከራቀ በግጭት ጊዜ አይዝም። ይሄን ካደረግኩማ ሳላስር ብቀመጥ ይሻላል።» ትንሽ ከፋኝ፤ አልዋሽም። ትራሱን ተርትሬ፣ ከለስላሳ ጥጥ ከፊት ምንም ስፌት የሌለው የውስጥ ልብስ ሠራሁላት። እሱን ለብሳ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድን።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች፣ እጇ ቀዝቃዛ፣ አንደበቷ ሞቅ ያለ። ምራቴ ገና ከመቀመጧ «ዶክተር፣ ቆርጠው ይጣሉልኝና ልገላገል» አለቻት።

«ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር» አለች ሐኪሟ ጠባሳውን በጣቷ እየዳሰሰች። «ግን እንዲህ ዓይነቱ ጠባሳ ዝም ብሎ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ብሶበት ነው የሚመለሰው። ቁስሉ ከዳነ ቆይቷል፤ ሰውነትዎ ግን መዳኑን አልሰማም። አሁንም እየጠገነ ነው።»

«ፍሬኑ አልያዘም በሉኛ!»

ሐኪሟ ሳቀች። «ልክ እንደዛ። ቀስ አድርገን እናስይዘዋለን።» ከዚያ ሁሉንም ዘርዝራ ነገረችን። በየወሩ ጠባሳው ውስጥ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሲሊኮን የሚባል ስስ ልጣፍ ቀንም ሌሊትም ይለጠፋል፤ ጠዋትና ማታ በቅባት ይታሻል፤ ፀሐይ እንዳያገኘው ይሸፈናል። «ይጠፋል ብዬ አልዋሽዎትም» አለች። «ይተኛል፣ ይለሰልሳል፣ ማሳከኩም ይተውዎታል። መስመሩ ግን ይቀራል።»

«መስመሩ ይቅር። መስመር የሌለው መንገድ ለማንም አይጠቅምም» አለች ምራቴ።

መርፌውን ግን በቀልድ አይወጡትም። ጠባሳው ጠንካራ ስለሆነ መድኃኒቱ በግድ ነው የሚገባው። እጇን ያዝኩላት፤ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ምንም አልቀራት። ዓይኗን ጨፍና ታነበንባለች፦ «ፍሪሲዮን… አንደኛ ማርሽ… ቀስ ብለሽ ልቀቂ… ነዳጅ…»

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች ሐኪሟ።

«ዳገት እየወጣሁ ነው፤ አያናግሩኝ።»

ሐኪሟ መርፌውን ነቅላ ሳቋን እስክትጨርስ ጠበቅናት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ እኮ የመንጃ ፈቃድ ፈተና የምወድቀው ዳገት ላይ ነው። ደጋግሜ ወደቅኩ። መኪናው ወደ ኋላ ሲሸሽብኝ እግሬ ይደነዝዛል» አለች።

ምራቴ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «እርስዎ እኔን ይጨርሱኝ፤ ከዚያ እኔ እርስዎን እጀምራለሁ።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ነው እኔን አፌን ያስያዘኝ። መርፌ ለአንድ ቀን ነው፤ ጥርስ ነክሰው ይችሉታል። የየዕለቱ ሥራ ግን ሌላ ነው። ጠዋት ልጣፉን ታነሳለች፣ በሳሙና አጥባ ታደርቃለች፣ ጠባሳውን ታሸዋለች፣ መልሳ ትለጥፋለች። ማታም እንደዚያው። ጎረቤት ሎሚ እሺበት፣ ማር ቀቢበት ትላታለች፤ እሷ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ወደ ልጣፏ። በመጀመሪያው ወር ምንም የለም። በሁለተኛውም እኔ የልብስ ሰፊ ዓይኔን ባፈጥ ያው ገመድ ነው።

አንድ ማታ ልጣፉን በእጇ ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «እማማ፣ ደከመኝ» አለችኝ። ደረቷ ሲከፈት ያላለቀሰች ሴት እንባዋን ለቀቀችው። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ልጄ ለካ በሩ ላይ ቆሞ ኖሯል። ገባና ልጣፉን ከእጇ ወሰደ። የሚጣበቀውን ጎን ከማይጣበቀው አልለየውም፤ የገዛ ጣቶቹ ላይ ተለጠፈበት። ሲያስለቅቀው በሌላኛው እጁ ተያዘ። ምራቴ ከነእንባዋ ሳቀች።

«አንተ፣ ሽቦ ስትቀጥልም እንዲህ ነህ?»

«ሽቦ አይጣበቅም» አላት ተናድዶ። ቀስ ብሎ አስለቀቀው፣ ጎንበስ አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ዓይኑን አልሰበረም። ከላይ እስከ ታች አየውና አስተካክሎ ለጠፈላት። «ያኔ ዘወር ያልኩት አስጠልቶኝ መስሎሻል» አለ። «ሳየው አጥቼሽ እንደነበር ነው ትዝ የሚለኝ። ሌላ አይደለም።»

እኔ ውሃ ጥጄ መጣሁ ብዬ ወጣሁላቸው። የጣድኩት ውሃ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማታው ልጣፍ የልጄ ሥራ ሆነ።

የማሠልጠኛው ባለቤት በየሳምንቱ «መቼ ነው?» ይላታል። «ጋሼ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ትለዋለች። እውነትም ነገሩ ሳይታወቀን መጣ። መጀመሪያ ሌሊት ማከኳን ተወች። ቀጥሎ ቅላቱ ደበዘዘ። አንድ ጠዋት ስታሸው ጠርታኝ «እማማ፣ እስኪ ይዳስሱት» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳለፍኩበት፤ ከላይኛው በኩል ጠባሳው የት ጋ እንደሚጀምር አጣሁት። ከታች ባቄላ የምታህል ጉብታ ቀርታለች። ሐኪሟ ግን አልተቻኮለችም፤ ያቀደቻቸውን ወሮች እስክትጨርስ መርፌውን ቀጠለች።

ቀበቶውን ያሰረች ዕለት እኔና ልጄ ግቢው ድረስ ሄድን፤ ሥራ የፈታን ይመስል። ተማሪዋ ከመሪው ኋላ ጠበቃት። ቀበቶውን ሳበች፣ በደረቷ ላይ አሳለፈች፣ ቀጭ አደረገችው። ከዚያ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ «ምን ትሠራላችሁ እዚህ? መንገድ ልቀቁ!» ብላ ጮኸችብን። ልጄ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ማታ ስትመለስ የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ፈትታ አሳየችን፤ መላጥም መቅላትም የለም።

ሐኪሟም እንደተባባሉት መንዳት ልትማር መጣች። ምራቴ ባለውለታዬ ናት ብላ አላባበለቻትም፤ ይልቅ አበዛችባት። አንድ ቀን እኔም ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ዳገቱን አብረን ወጣን። መሀሉ ላይ አቆመቻት። መኪናው ወደ ኋላ ሸሸት ሲል እኔም ባዶውን ወለል ረገጥኩ።

«ፍሬን!» አለች ምራቴ። «ጎበዝ። አሁን ይተንፍሱ። የኔን ደረት ሲወጉ እጅዎ ተንቀጥቅጦ ያውቃል?»

«በፍጹም።»

«እንግዲያው እግርዎ ምን ሆኖ ነው? ፍሪሲዮኑን ቀስ ይበሉ… መኪናው ሲያጉረመርም ይስሙት… አሁን ነዳጅ።»

መኪናው እንደ እልኸኛ በሬ ነጠቅ ብሎ ዳገቱን ወጣ። ሐኪሟ ጮኸች፣ እኔ ጮኽኩ፤ የማትጮኸው ፍሬን ብቻ ሆነች። ሐኪሟም በሚቀጥለው ፈተና አለፈች።

በቀደም ሙቀት ነበርና ምራቴ አንገቱ ሰፊ የሆነ ልብስ ለብሳ ጎረቤት ሄድን። ነጣ ያለው መስመር ከላዩ ብቅ ይላል። አንዲት እንግዳ ሴት አየት አየት አድርጋ አላስችል ቢላት «እህቴ፣ ደረትሽን ምን ነካው?» ስትል ጠየቀቻት። እኔ የተቆጣሁትን ያህል ተቆጣሁ። ምራቴ ግን ወንበሯን ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አድርጋ «ልቤን አስጠግኜ ነው። ነይ ልንገርሽ፤ ያንቺም ሰው ቢገጥመው መርፌውን እንዳይፈራ» አለቻትና ከዳር እስከ ዳር አወራቻት። ሴትዮዋ በቀዶ ጥገና ወልዳ ጠባሳው ያስቸገራት እህት ነበረቻት ለካ፤ የሐኪሟን አድራሻ ጽፋ ሄደች።